በውርጭ አገር የሚግል ግራፊክስ ካርድ

በደብረ ብርሃን በኮምፒውተር ጥገና የሚተዳደር ሰው ደጋግሞ ከሚሰማቸው ነገሮች አንዱ «በዚህ ብርድ ማሽን አይግልም» የሚለው ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ በሚሆንበት፣ ፀሐይ ወጥታም ሰው ጋቢውን ከትከሻው በማያወርድበት ከተማ እንዲህ መባሉ አያስደንቅም። ይሁን እንጂ ሰሞኑን ለጥገና የተጠራሁበት የክሪፕቶ ማይኒንግ ሪግ (በግራፊክስ ካርዶች ስሌት እየሠራ ዲጂታል ገንዘብ የሚያስገኝ ማሽን) ከሁሉ ይልቅ የሚግለው ከተማው በጣም በሚቀዘቅዝበት ሰዓት፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት አንሥቶ እስከ ንጋት ነበር። ምክንያቱ አንድ ብቻ አልነበረም። ሙቀቱ ከቺፑ ተነሥቶ ከቤት እስኪወጣ ድረስ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ ተይዞ ቀርቶ ነበርና፣ እያንዳንዱን ቦታ ለይቶ ማግኘቱ ከጥገናው ራሱ የበለጠ ጊዜ ወስዷል።

የሪጉ ባለቤት የሰፈራችን ወጣት ነው። ከእናቱ ግቢ ጓሮ ባለች ክፍል፣ በእንጨት መደርደሪያ ላይ ስድስት ካርዶች ሰክቷል። አራቱ ባለ 8 ጊጋባይት አርኤክስ 580፣ ሁለቱ ባለ 10 ጊጋባይት አርቲኤክስ 3080 ሲሆኑ ሁሉንም የገዛቸው ሰው ከተጠቀመባቸው በኋላ ነው። ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ማይኒንግን ትቶ የካርድ ስሌት ወደማይፈልገው፣ ፕሩፍ ኦፍ ስቴክ ወደሚባለው አሠራር ከተሻገረ ወዲህ በግራፊክስ ካርድ የሚገኘው ትርፍ የቀድሞው እንዳልሆነ እሱም ያውቃል፤ አሁንም በካርድ የሚሠሩትን ሳንቲሞች፣ ኢቴሪየም ክላሲክንና ሬቨንኮይንን እያፈራረቀ ይሠራል፣ ገበያው ሲወርድ ደግሞ ካርዶቹን ለሠርግ ቪዲዮ ማቀናበሪያ ያውላቸዋል። የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር (ኢንሳ) በዚህ ሥራ የተሰማሩ ሰዎች እንዲመዘገቡ ከነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ማሳሰቡን፣ ብሔራዊ ባንክም በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን በዚያው ዓመት ማስታወቁን አንሥቼለት ነበር። ይህ ግን የራሱ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ ላይ እተወዋለሁ።

ያቀረበልኝ ችግር እንዲህ የሚል ነበር፤ ከ3080ዎቹ አንዱ ኢቴሪየም ክላሲክ ሲሠራ ቀን ቀን ሃሽሬቱ (በሰከንድ የሚሠራው የስሌት ብዛት) ወደ 95 ሜጋሃሽ ሆኖ ይውልና ሲመሽ ከ80 በታች ይወርዳል፣ ፋኖቹም ሙሉ ኃይላቸውን አውጥተው ይጮኻሉ። «ጋሼ፣ ሙቀቱ እኮ 61 ብቻ ነው የሚለው» ብሎ ስክሪኑን አዞረልኝ፤ «61 ዲግሪ ደግሞ ለካርድ ምንም አይደለም።»

ስለ 61 ዲግሪው ትክክል ነበር። 3080 የማዕከላዊ ቺፑ የሙቀት ጣሪያ 93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሆነ፣ 61 ላይ ያለ ቺፕ የሚያማርርበት ምክንያት የለውም። ነገር ግን በአንድ ካርድ ላይ ያለው ሙቀት አንድ ቁጥር ብቻ አይደለም። ብዙ ፕሮግራሞች ከፊት አድርገው የሚያሳዩት የማዕከላዊውን ቺፕ አማካይ ሙቀት ነው። ከዚያ ቀጥሎ በዚሁ ቺፕ ላይ በጣም የጋለችው ነጥብ የምትለካበት፣ ሆትስፖት የሚባል ንባብ አለ። ሦስተኛው በቺፑ ዙሪያ የተደረደሩት የሜሞሪ ቺፖች ውስጣዊ ሙቀት ሲሆን፣ በ3080 ላይ የተገጠመው ጂዲዲአር6ኤክስ ሜሞሪ 110 ዲግሪ ሲደርስ ካርዱ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ይህን ሦስተኛ ቁጥር በዊንዶውስ ላይ ኤችደብሊውኢንፎ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ያሳያል። ከፍቼ ብመለከት ሜሞሪው በቀን ብርሃን፣ በተከፈተ መስኮት 104 ዲግሪ ላይ ነበር። የሌሊቱን መዝገብ ስናይ ደግሞ 110 ላይ ተለጥፎ ያድራል፤ ሃሽሬቱ የሚወርደውም ልክ በዚያ ሰዓት ነው።

በ61 እና በ110 መካከል ያለው ሰፊ ርቀት የሚገርም ቢመስልም የሥራውን ጠባይ ለሚያውቅ ሰው አያስገርምም። ኢቴሪየም ይጠቀምበት የነበረውና ኢቴሪየም ክላሲክ ዛሬም በተሻሻለ መልክ የሚጠቀምበት የስሌት ዘዴ፣ ብዙ ጊጋባይት ከሚሆን የመረጃ ክምችት በየቅጽበቱ ቁርጥራጭ እያወጣ የሚያነብ ነው። ማዕከላዊው ቺፕ አብዛኛውን ጊዜ መረጃው እስኪመጣለት ይጠብቃል፤ የሚደክመው ሜሞሪው ነው። በተጨማሪም ሁለቱ ሙቀታቸውን የሚያስወጡበት መንገድ አንድ ዓይነት አይደለም። ማዕከላዊው ቺፕ ተርማል ፔስት በሚባል ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ስስ ሽፋን አማካይነት ከሂትሲንኩ (ሙቀቱን ተቀብሎ ለአየር ከሚሰጠው ባለ ቅጠል ብረት) ጋር ፊት ለፊት ተጣብቋል፤ ሜሞሪዎቹ ግን ከብረቱ ትንሽ ዝቅ ብለው ስለሚቀመጡ ክፍተቱን የሚሞላው ተርማል ፓድ የሚባለው ለስላሳ ላስቲክ መሰል ነገር ነው። እንግዲህ 61 የሚለው ቁጥር ብረቱና ፋኑ ሥራቸውን በደንብ እየሠሩ መሆናቸውን ሲናገር፣ 110 የሚለው ደግሞ ሙቀቱ ከሜሞሪው ወደ ብረቱ መሻገር እንዳቃተው ይናገራል። ፋን ማፍጠን እዚህ ላይ የሚፈይደው ጥቂት ነው፤ ጩኸቱ ግን ጎረቤት ይቀሰቅሳል።

ካቻቢቴ ከማንሣቴ በፊት ሁልጊዜ የማደርገው አንድ ቀላል ፈተና አለ፤ ይኸውም የተጠረጠረውን ካርድ ከጤነኛው ጋር ቦታ ማቀያየር ነው። ሙቀቱ ካርዱን ተከትሎ ወደ አዲሱ ቦታ ከሄደ ሕመሙ ከካርዱ ውስጥ ነው። በቀድሞው ቦታ ቀርቶ አዲሱን ካርድ ማጋል ከጀመረ ደግሞ ችግሩ በአካባቢው ነው፤ ጎረቤት ካርድ የሚተፋው ትኩስ አየር ወይም ለግድግዳ መቅረብ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ፈተና ለካርዱ የሚፈቀደውን ዋት በሶፍትዌር ዝቅ አድርጎ ሁለቱን ሙቀቶች አብሮ መመልከት ነው። እዚህ ላይ ካርዱን በ50 ዋት ባወርደው ማዕከላዊው ቺፕ ወዲያው ወረደ፣ ሜሞሪው ግን ከ104 ወደ 101 ብቻ ተንቀሳቀሰ። ቦታም ቀይሬው አልተሻለውም። ስለዚህ መክፈት ግድ ሆነ።

ከመክፈት በፊት ግን የአቧራውን ነገር ልናገር። ክፍሉ ከከብት ጭድ ክምር አጠገብ ነውና በሂትሲንኩ ቅጠሎች መካከል ያገኘሁት ተራ አቧራ ብቻ አልነበረም፤ ደቃቅ የገብስ ገለባ ከአቧራው ጋር ተጠላልፎ እንደ ብርድ ልብስ ድር ሆኖ ተጋግሯል። ውድማ በሚወቃበት ወራት በከተማው ዳር ያለ ማሽን ሁሉ ይህ ይደርስበታል። በለስላሳ የቀለም ብሩሽ አላቅቄ በአየር መንፊያ አስወጣሁት። መንፊያ የሚጠቀም ሰው ፋኑን በጣቱ ይዞ እንዳይሽከረከር ማድረግ አለበት፤ በነፋስ የሚሽከረከር ፋን ኩሽኔታው ከመጎዳቱም በላይ ኤሌክትሪክ እያመነጨ ወደ ሰሌዳው ሊመልስ ይችላል።

ካርዱ ሲከፈት መልሱ ዓይን ላይ ነበር። በማዕከላዊው ቺፕ ዙሪያ ካሉት አሥር የሜሞሪ ቺፖች የተነሡት ፓዶች ጠርዛቸው ደርቆ በጣት ሲነኩ ይፈረፈራሉ፤ ከውስጣቸው የወጣው የሲሊኮን ዘይትም በሰሌዳው ላይ ፈስሶ ያብለጨልጫል። እንዲህ ያለ ፓድ ሲነሣ መታየት ያለበት ዋናው ነገር በላዩ ላይ የቀረው የቺፑ አሻራ ነው። በደንብ የተጫነ ፓድ ላይ የቺፑ አራት ማዕዘን ቅርጽ ጎልቶ፣ አንዳንዴም በቺፑ ላይ የታተሙት ፊደላት ሳይቀሩ ተገልብጠው ይታያሉ። በዚህ ካርድ ላይ ሰባቱ ፓዶች አሻራ ነበራቸው፤ በአንድ ወገን የነበሩት ሦስቱ ግን ግማሽ አሻራ ብቻ ነው ያሳዩት። የቀረው ግማሽ ለስላሳ ነው፤ ብረቱ ጨርሶ አልነካውም ማለት ነው። ካርዱ የሚያሳየው የሜሞሪ ሙቀት በጣም የጋለውን ቺፕ ተከትሎ ስለሆነ፣ ሰባቱ ደህና ቢሆኑም ሦስቱ ብቻ ካርዱን በሙሉ ያስቆሙታል።

አዲስ ፓድ መግዛት ቀላል ይመስላል፤ ውፍረቱን በትክክል ማወቁ ግን ቀላል አይደለም። 1 ሚሊሜትር፣ 1.5 ሚሊሜትር፣ 2 ሚሊሜትር እየተባለ የሚሸጠውን ሠሪዎቹ በየሞዴሉ ይለያዩታል፤ በአንድ ካርድ ላይ እንኳ የሜሞሪው ፓድና የቮልቴጅ ክፍሎቹ ፓድ ውፍረታቸው ላይገጥም ይችላል። አሮጌውን ፓድ በካሊፐር መለካት ጥሩ ነው፤ ሆኖም መለካት ያለበት በቺፑ የተጫነው መካከሉ ሳይሆን ከቺፑ ውጭ የቀረው ያልተጫነው ጠርዝ ነው፤ መካከሉ ለዓመታት ተጨፍልቆ ስለኖረ ከእውነተኛው ያነሰ ውፍረት ያሳያል። በማሸጊያው ላይ ስለሚጻፈው ሙቀት የማስተላለፍ አቅም የምለው ቢኖር፣ ትልቅ ቁጥር የተጻፈበት ደረቅ ፓድ ከሚገዛ ልኩን የጠበቀና በጣት ሲጫኑት እሺ የሚል ለስላሳ ፓድ ቢገዛ ይሻላል። በፓድ ፈንታ የመዳብ ቅጠል ቆርጠው የሚያስገቡም አሉ። መዳብ ሙቀት በማስተላለፍ ከፓድ እጅግ ይበልጣል፤ ነገር ግን በዙሪያው ካሉት ደቃቅ የኤሌክትሪክ ክፍሎች አንዱን ከነካ ካርዱ ያበቃለታል፤ እኔ አልመክርም።

የውፍረት ነገር ምን ያህል እንደሚያበላሽ ያየሁት ደግሞ በሁለተኛው 3080 ላይ ነው። ይህኛው ሜሞሪው 84 ዲግሪ ላይ ሆኖ እጅግ ደህና ይመስል ነበር፤ ነገር ግን ማዕከላዊው ቺፕ 74፣ ሆትስፖቱ 101 ያነባል። በሁለቱ መካከል ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ልዩነት መኖሩ የተለመደ ነው፤ 27 ሲሆን ግን ብረቱ በቺፑ ላይ ተስተካክሎ አለመቀመጡን ያመለክታል። ስከፍተው ከዚህ በፊት በእጁ የነበረ ሰው ፓዱን ለውጦ ከሚገባው በላይ ወፍራም አድርጎበታል። ወፍራሙ ፓድ ሜሞሪውን ጥሩ አድርጎ ነክቶ ብረቱን ወደ ላይ ስላነሣው፣ ሂትሲንኩ በማዕከላዊው ቺፕ ላይ ከምጣዱ ጋር እንዳልገጠመ አክንባሎ በአንድ ጎኑ ተንፈስ ብሎ ቀርቷል። ፔስቱም በዚያ ወገን ወፍራም ሆኖ ደርቋል። አንዱ ካርድ ፓዱ በመቅጠኑ፣ ሌላው ፓዱ በመወፈሩ ታሞ ነበር ማለት ነው፤ በስክሪኑ ላይ በተለመደው ቁጥር ብቻ ቢፈረድ ግን ጤነኛ የሚባለው በጠና የታመመው ነበር።

የደረቀውን ፔስት ለማጽዳት ውኃ የሌለበት አይሶፕሮፒል አልኮል ያስፈልጋል። ወጣቱ «ጋሼ፣ አረቄ አይሆንም?» ብሎኝ ስቄያለሁ፤ ጥያቄው ግን ከሌሎችም ስለሚመጣ በቁም ነገር እመልሳለሁ። የቤት አረቄ የቱንም ያህል ቢከብድ ውኃ አለበት፣ ከአልኮሉ ሌላም የሚተወው ነገር ስላለ ሰሌዳ ላይ አይፈስስም። ቤንዚንም እንዲሁ አይነካም። ካጸዱ በኋላ አዲሱን ፔስት በአሮጌ የሞባይል ካርድ ስስ አድርጎ መላውን የቺፑን ፊት ማልበስ ይበቃል። በቺፑ ዙሪያ ያሉት አራቱ ብሎኖች በመስቀለኛ አቅጣጫ እያፈራረቁ፣ በእያንዳንዱ ዙር ትንሽ ትንሽ ብቻ እየተጠበቁ ይታሠራሉ። አንዱን ጨርሶ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ ያንኑ የግማሽ አሻራ በሽታ መልሶ ያመጣል።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ የመጀመሪያው ካርድ ሜሞሪ በቀን 86 ላይ ቆመ። በዚያው ሌሊት ግን 97 ገባ። ካርዱ ድኖ ሌሊት መጋሉ ያልቀረው ጥፋቱ ከክፍሉ ስለነበረ ነው።

ስድስቱ ካርዶች፣ ማዘርቦርዱና ፓወር ሰፕላይው ተደምረው ወደ 1,000 ዋት ይበላሉ፤ ይህ ሁሉ ኤሌክትሪክ በመጨረሻ ወደ ሙቀት ይለወጣልና ክፍሉ ውስጥ ባለ 1,000 ዋት ማሞቂያ ቀንና ሌሊት ይነዳል ማለት ነው። ክፍሉ 3 ሜትር በ3 ሜትር ሆኖ ቁመቱ 2.5 ሜትር ነው። ቀን መስኮቱ ክፍት ስለሆነ በካርዶቹ ፊት የሰቀልኩት ቴርሞሜትር 19 ወይም 20 ያነባል። ማታ ግን እናቱ ውርጭ እንዳይገባ መስኮቱን ይዘጋሉ፣ ከሥሩም ጨርቅ ይወትፋሉ፤ ቴርሞሜትሩም ውጪው ከ5 ዲግሪ በታች በሆነበት ሰዓት 31 ያነባል። «አንተ ልጅ፣ በዚህ ውርጭ መስኮት ክፍት የሚያሳድር ሰው የት አይተሃል?» ብለው ልጃቸውን ሲቆጡት ሰምቻለሁ፤ በክፍሉ ሰው ስለማያድርበት ብቻ እንጂ ነገራቸው ትክክል ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ደጋው አየር የማነሣው ነገር አለ፤ ከሌላ አገር የሚመጣውን የሪግ አሠራር ምክር እንዳለ ለሚገለብጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሰወረው ይህ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አንድ ሜትር ኩብ አየር በባሕር ዳርቻ ካለው ይልቅ ከአራት አንድ እጅ በላይ ይቀላል። ፋን የሚገፋው በመጠን እንጂ በክብደት አይደለም፤ በደቂቃ ያንኑ ያህል ዙር እየዞረ፣ ያንኑ ያህል መጠን አየር እየገፋ፣ ይዞት የሚወጣው ሙቀት ግን ያነሰ ነው። በስሌት ሲታይ 1,000 ዋት ሙቀትን ከክፍል ለማስወጣት፣ የሚወጣው አየር ከሚገባው በ10 ዲግሪ ብቻ እንዲሞቅ ቢፈለግ፣ በባሕር ወለል በሰዓት 300 ሜትር ኩብ አየር ሲበቃ እዚህ 400 ያስፈልጋል። በዚህች ክፍል ልክ ያለው አየር በሙሉ በሰዓት 18 ጊዜ ያህል መለወጥ አለበት ማለት ነው። በጨርቅ የተወተፈ መስኮት ይህን አያደርግም። አሽሬ የሚባለው የአሜሪካ የማሞቂያና ማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ለተለመዱ የሰርቨር ክፍሎች ባወጣው መመሪያ፣ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ የሚፈቀደው ከፍተኛ የክፍል ሙቀት በ1 ዲግሪ እንዲቀነስ ያዛል። በዚህ ሲሰላ ደብረ ብርሃን ከምታገኘው ብርድ ስድስት ዲግሪ ያህሉን ለከፍታዋ ትከፍላለች። የተረፈው ብርድ ብዙ ነው፣ ግን ሰው እንደሚያስበው በነጻ የሚገኝ አይደለም።

መፍትሔው የእናትዬውንም ውርጭ፣ የካርዶቹንም ሙቀት የሚያስታርቅ መሆን ነበረበት። መስኮቱ ተዘግቶ እንዲቀር ተስማማን፤ በምትኩ ከካርዶቹ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ከወለሉ ከፍ ብሎ ቀዝቃዛ አየር የሚገባበት ቀዳዳ፣ በተቃራኒው ግድግዳ ከኮርኒሱ ሥር ደግሞ ትኩሱን የሚስብ ቬንትሌተር ተገጠመ። በመግቢያው ላይ አሮጌ አጎበር በሁለት ድርብ ወጥረናል። ደቃቁን አቧራ አያስቀርም፣ የገለባውን ስንጥር ግን ያስቀራል፤ አየሩንም ስለሚያፍን በየሳምንቱ መራገፍ አለበት። በካርዶቹና በመደርደሪያው ጠርዝ መካከል በነበረው ክፍተት ካርቶን አስገብተን ዘጋነው፤ አለበለዚያ ከኋላ የወጣው ትኩስ አየር በጎን ዞሮ ተመልሶ ወደ ፋኖቹ ይገባል። ከዚያ ወዲህ ሜሞሪው ቀን 86፣ ሌሊት ከ80 በታች ነው፤ ሌሊት ከቀን የቀዘቀዘው አሁን ገና ነው።

ስለ ሶፍትዌሩ ማስተካከያ ማንም ሰው ብሎኖች ከመፍታቱ በፊት ሊሞክረው የሚገባ ቢሆንም እዚህ ያመጣሁት ወጣቱ አንድ የተሳሳተ ልማድ ስለነበረው ነው፤ ለሁለቱም ሳንቲሞች የሚጠቀመው አንድ ዓይነት ቅንብር ነበር። ኢቴሪየም ክላሲክ የሜሞሪ ሥራ ስለሆነ የማዕከላዊው ቺፕ ፍጥነት ወደ 1,100 ሜጋኸርዝ ቢወርድ ሃሽሬቱ ብዙም አይጎዳም፤ 3080 ከተሠራበት የ320 ዋት ጣሪያ ወደ 230 ይወርዳል። ሬቨንኮይን ግን ማዕከላዊውን ቺፕ የሚያሠራ ስለሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ ሜሞሪውን መግፋት ትርፉ ሙቀት ነው። ሜሞሪን ስለ መግፋት አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ይህ የሜሞሪ ዓይነት ስሕተት ሲፈጠር አውቆ መረጃውን እንደገና የሚልክበት ዘዴ አለው፤ ስለዚህ ከልኩ በላይ ሲገፋ ካርዱ አይወድቅም፣ ነገር ግን በድግግሞሽ ጊዜ ያጠፋል። ፍጥነቱ ተጨምሮ ሃሽሬቱ ባለበት ከቆመ ወይም ከቀነሰ፣ ተጨማሪው ሁሉ ወደ ሙቀት ሄዷል ማለት ነውና መመለስ ይገባል።

ካርዶቹን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኙትን ራይዘሮች ሳይ በአንዱ ላይ የሳታ ማገናኛ (ከፓወር ሰፕላይ ለሃርድ ዲስክ የሚመጣው የኤሌክትሪክ መሰኪያ) ቡናማ ሆኖ ጠረኑ ተለውጦ አገኘሁት። ይህ ከካርዱ ሙቀት የተለየ፣ ግን የበለጠ አደገኛ ነገር ነው። የሳታ ማገናኛ በ12 ቮልቱ የሚችለው 54 ዋት ሲሆን ካርድ ከመሰኪያው እስከ 75 ዋት ሊስብ ይችላል። ራይዘር በባለ ስድስት እግሩ የካርድ ገመድ ቢሰካ ችግሩ ይጠፋል። ሁሉንም ቀየርናቸው።

መብራት ሲጠፋ የሚሆነውንም ልጥቀስ። ፋኖቹ በቅጽበት ይቆማሉ፤ ካርዱ ግን ከ80ና ከ90 ዲግሪ ተነሥቶ በውርጭ ሌሊት እስከ 5 ዲግሪ ይወርዳል፣ መብራቱ ሲመለስ ደግሞ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወደነበረበት ይወጣል። ብረቱና ቺፑ ሲሞቁና ሲቀዘቅዙ የሚለጠጡበት መጠን ስለሚለያይ፣ በመካከላቸው ያለው ፔስት ቀስ በቀስ ወደ ጠርዝ እየተገፋ ይወጣል። በደጋ ያለ፣ መብራት የሚመላለስበት ሪግ ፔስቱ ከሌላው ቀድሞ የሚያልቀው በዚህ ይመስለኛል። ስታቢላይዘሩ መብራት እንደተመለሰ ወዲያው ሳይሆን ጥቂት ደቂቃ ዘግይቶ እንዲለቅ አድርገነዋል፤ ፕሮግራሙም ካርዶቹን አንድ በአንድ እንዲያስነሣ ታዝዟል።

ወጣቱ በሸዋ ሮቢት አጎት ስላለው ሪጉን ወደዚያ ቢያወርደው አየሩ ወፍራም ስለሆነ ይሻል እንደሆነ ጠይቆኝ ነበር። ስለ ደጋው አየር የነገርኩትን በደንብ ሰምቷል ማለት ነው። ጣርማ በርን አልፎ በደብረ ሲና በኩል ሲወረድ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሯም ከእኛው በስድስት አንድ እጅ ያህል ይከብዳል። ሆኖም ቀን ቀን 30 ዲግሪን የሚያልፍ ቦታ ነው። የአየሩ መክበድ ለካርዱ በግምት አምስት ወይም ስድስት ዲግሪ ቢመልስለት፣ የአየሩ ሙቀት ከአሥር በላይ ይወስድበታል። ባለበት ይቆይ ብያለሁ።

አሁን የቀረኝ ከአርኤክስ 580ዎቹ አንዱ ነው። በእነዚህ ካርዶች ላይ የሜሞሪ ሙቀት መለኪያ ስለሌለ የሚታየው የማዕከላዊው ቺፕ 64 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ኤችደብሊውኢንፎ የሚቆጥረው የሜሞሪ ስሕተት በዚህ ካርድ ላይ ከሌሎቹ ሦስት ተለይቶ ያድጋል። የሜሞሪውን ፍጥነት ከ2,100 ወደ 2,000 ሜጋኸርዝ ባወርደው ስሕተቱ ቀነሰ እንጂ አልቆመም። ከ3080ዎቹ የተረፈው ፓድ ለዚህኛው ውፍረቱ ስለማይሆን ከአዲስ አበባ 1 ሚሊሜትሩ እስኪመጣ በ1,900 እንዲሠራ ትቼዋለሁ፤ ፓዱ ከተለወጠም በኋላ ስሕተቱ የሚቀጥል ከሆነ ከሙቀት ወጥቶ የሜሞሪ ቺፑ ራሱ ጉዳይ ይሆናል።